የአንድ ወር የሃይኩ ልምምድ፤ በአማርኛ ቀለም አቈጣጠር ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

ባለፈው የጥቅምት ወር ከጥቅምት 1 ቀን እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ አምስት ተማሪዎች ሆነን በየቀኑ አንዳንድ የሃይኩ ግጥም በአማርኛ ለመጻፍ ተስማማን። ልምምዱ ሲጀመር እንደ ጨዋታ ነበር። ሲፈጸም ግን ስለ ቋንቋችን ቀደም ብለን ያላሰብናቸውን ጥያቄዎች ትቶልን አልፏል። ይህን አጭር ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው፥ የጻፍናቸው ግጥሞች ታላቅ ስለ ሆኑ አይደለም፤ አብዛኞቹ ታላቅ አይደሉም። የምናቀርበው በ30 ቀን ሥራ ውስጥ ያጋጠመን ችግር ለሥነ ጽሑፍና ለቋንቋ ተማሪዎች ይጠቅም ይሆናል ብለን በማሰብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ጃፓን ስንናገር የተጠቀምንባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ሃይኩ ምንድን ነው?

ሃይኩ የጃፓን አጭር ግጥም ነው። እንደ ልማዱ 17 ድምፆች ሲኖሩት፥ እነዚህም 5፥ 7ና 5 ሆነው በሦስት ክፍል ይመደባሉ። ምንጩ ሬንጋ የተባለው ቅብብል ግጥም ነው። በሬንጋ ብዙ ባለቅኔዎች በአንድነት ተቀምጠው አንዱ ባለ 17 ድምፅ ሲል ሌላው ባለ 14 ድምፅ እየመለሰ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያው ክፍል «ሆኩ» ይባል ነበር፤ ጉባኤው የተደረገበትንም ወቅት የሚያመለክት ቃል እንዲኖረው ግዴታ ነበረበት። ማትሱኦ ባሾ (1644–1694) ይህን መክፈቻ ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሰው። ባሾ በ1689 ከኤዶ ከተማ፥ ማለት ከዛሬዋ ቶክዮ፥ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ሲሆን፥ የጉዞ ማስታወሻው ከሞተ በኋላ በ1702 ታትሟል። ከእርሱ በኋላ ዮሳ ቡሶን (1716–1784) እና ኮባያሺ ኢሳ (1763–1828) ተነሡ። «ሃይኩ» የሚለውን ስም ከሬንጋ ተለይቶ ራሱን ለቻለ ግጥም የሰጠው ግን ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902) ነው።

ስለ ሺኪ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱም የየቀኑን ጽሕፈት አሳብ ያገኘነው ከእርሱ ሕይወት ነው። ሺኪ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በአልጋ ላይ አሳለፈ። በ1902 ከሜይ 5 እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን ድረስ «ስድስት ጫማ የሕመም አልጋ» ሊባል በሚችል ርእስ 127 ክፍል በጋዜጣ ላይ አወጣ፤ በሴፕቴምበር 19 ቀን በ34 ዓመቱ ሞተ። ዓለሙ ያ አልጋና በመስኮት የሚታየው አትክልት ብቻ ነበር። ያ ሰው ከአልጋው ሳይነሣ በየቀኑ የሚጽፈው ነገር ካላጣ፥ እኛ ጤነኞቹ ከመኝታ ቤት እስከ ቤተ መጻሕፍት ስንመላለስ እንዴት እናጣለን? ብለን ጀመርን።

ያወጣነው ደንብ

ደንባችን አራት ነበር። አንደኛ፥ ግጥሙ በዚያው ቀን በዓይን በታየ ወይም በጆሮ በተሰማ ነገር ላይ ይሁን። ሁለተኛ፥ ወቅትን የሚያመለክት አንድ ቃል ይኑረው። ሦስተኛ፥ ቤት አይምታ፤ ሰምና ወርቅም አይኑረው። አራተኛ፥ ሦስት መስመር ሆኖ 5፥ 7ና 5 ይቈጠር። ማታ ከእራት በኋላ ተሰብስበን እናነባለን፤ ያልጻፈ ሰው ለሌሎቹ ሻይ ይገዛል። ጥቅምትን የመረጥነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ስለሚጠራ፥ ደግሞም የኢትዮጵያ ወር ሳይጐድልና ሳይተርፍ 30 ቀን ስለ ሆነ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር፤ ምን ይቈጠር?

አራተኛው ደንብ ከሁሉ ይቀላል ብለን ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ማታ ያጣላን እርሱ ነው። ከመካከላችን ሁለታችን የመጣነው ከሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፥ የውጭ አገር ዜማ ላላቸው መዝሙራት የአማርኛ ቃል ሲገጠም ድምፅ መቍጠር እንዴት እንደሚያስቸግር እናውቅ ነበር። ሌሎቹ ግን «ፊደላችን እንደ ጃፓኖቹ ካና እያንዳንዱ ድምፅ ከነአናባቢው የሚጻፍበት ነውና ፊደሉን ቈጥሮ መጨረስ ነው» አሉ።

አሳቡ ማራኪ ነው። በካና አንድ ምልክት አናባቢን ብቻ ወይም ተነባቢን ከነአናባቢው ይይዛል። የእኛም ግእዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ፥ ራብዕ፥ ኃምስና ሳብዕ እንዲሁ ናቸው። ችግሩ ሳድሱ ነው። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ አለው፤ አንዳንድ ጊዜ የለውም። «ዝናብ» በሚለው ቃል መጀመሪያ ያለው ሳድስ ይሰማል፤ መጨረሻው ግን ተነባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዝናብ» 3 ፊደል ቢሆንም 2 ቀለም ነው። «ክረምት» 4 ፊደል ነው፤ በጆሮ ግን 2 ቀለም ብቻ ነው። «ብርሃን»ም እንደዚሁ ነው። «የጥቅምት» የሚለውን ቃል ደግሞ አንዳችን በ2፥ ሌላችን በ3 ቀለም ቈጠርነው፤ ሁላችንም አማርኛ አፍ የፈታንበት መሆናችንን እዚህ ላይ እናስታውሳለን።

የጃፓኖቹ አቈጣጠር ሲመረመር ግን እርሱም የእኛ ቀለም አይደለም። በጃፓንኛ በቃል መጨረሻ ያለው «ን» ራሱን ችሎ አንድ ይቈጠራል፤ የረዘመ አናባቢ ሁለት ይቈጠራል፤ የሚጠብቅ ተነባቢም አንድ ተጨማሪ ያስቈጥራል። ስለዚህ «ኒፖን» የሚለው የአገራቸው ስም ኒ-ፕ-ፖ-ን ተብሎ 4 ይሆናል። «ቶክዮ»ም ቶ-ኦ-ክዮ-ኦ ተብሎ 4 ይሆናል። «ሃይኩ» የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በጃፓንኛ ሃ-ኢ-ኩ ተብሎ 3 ነው፤ በእኛ ጽሕፈት 3 ፊደል ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን ሃይ-ኩ 2 ቀለም ነው። እንግዲህ ፊደል መቍጠር ከጃፓኖቹ አቈጣጠር ጋር አንዳንድ ጊዜ ይስማማል፤ ነገር ግን ማጥበቅና ማላላት በፊደላችን ስለማይጻፍ ፍጹም አይስማማም። «ገና» ጠብቆ በዓል ነው፤ ላልቶ «እስካሁን አልሆነም» ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን ሁለቱንም ጊዜ ያው 2 ነው።

በክርክሩ ስላልተስማማን፥ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ሁሉም እንደ ወደደ እንዲቈጥር ተወሰነ። በፊደል ከተቈጠሩት አንዱ ይህ ነው፤

ውርጭ ጣለ፤
የዘበኛው ሳል
በር ከፈተ።

ፊደሉ 5፥ 7ና 5 ሆኖ በጠቅላላው 17 ነው። በቀለም ሲቈጠር ግን 3፥ 5ና 4 ሆኖ 12 ብቻ ነው። በቀለም ከተቈጠሩት ደግሞ አንዱ፥ መብራት በጠፋበት ማታ የተጻፈው፥ ይህ ነው፤

መብራት ጠፋና፤
ለካስ ጨረቃም አለች
ከዛፉ በላይ።

ይኸኛው በቀለም 5፥ 7ና 5 ነው። አንባቢ ሁለቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነባቸው ልዩነቱን ይሰማል። የመጀመሪያው ጠባብ ነው፤ ምንም ትርፍ ቃል አያስገባም። ሁለተኛው ለመተንፈስ ቦታ አለው፤ ለእኛም ጆሮ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም የአማርኛ ግጥም ከድሮ ጀምሮ የሚመጠነው በቀለም እንጂ በፊደል አይደለም። የወል ቤት ስንኝ 6ና 6 ቀለም ሆኖ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ የሰንጎ መገን 5ና 5 ነው። ስለዚህ 5 ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው 7 ነው።

ስለ ወቅት ቃል

ጃፓኖች የወቅት ቃላት የሚሰበሰቡበት «ሳይጂኪ» የሚባል መዝገብ አላቸው። በዚህ መዝገብ ዓመቱ ብዙ ጊዜ በአምስት ይከፈላል፤ አራቱ ወቅቶችና አዲስ ዓመት። በሃይኩ «አበባ» ብቻ ከተባለ የቼሪ አበባ ነው፤ ጊዜውም ጸደይ ነው። «ጨረቃ» ብቻ ከተባለ የመከር ጨረቃ ናት። አንድ ቃል ብቻ ጠቅላላውን የአየር ጠባይ ይዞ ይመጣል፤ ግጥሙ አጭር ሊሆን የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እኛም የራሳችንን መዝገብ ለመጀመር ሞከርን። ለመስከረም አደይ አበባ፤ ለጥቅምት ውርጭና እሸት፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት ራሱ የወቅት ቃል ነው ተባለ። ለኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ተጻፈ፤ ይኸውም በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ነው። ለጥር ሎሚ፤ ለነሐሴ የጅራፍ ጩኸት፤ ለጳጉሜን የሩፋኤል ዝናብ ገባ። እዚህ ላይ ግን ከቦረና አካባቢ የመጣ የክፍል ጓደኛችን መዝገቡን አይቶ «ይህ የደጋ ሰው መዝገብ ነው፤ በእኛ አገር ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሐምሌ ለእኔ ጭቃ አይደለም» አለን። እውነቱን ነው። ለአገራችን አንድ የወቅት መዝገብ አይበቃትም።

ስለ ቆራጭ ቃል

በሃይኩ ግጥሙን ለሁለት የሚከፍል «ቆራጭ ቃል» አለ። በልማድ 18 ይቈጠራሉ፤ የታወቁት «ያ»፥ «ካና»ና «ኬሪ» ናቸው። በሌሎች ቋንቋዎች ሲተረጐሙ ብዙ ጊዜ በነጥብ ወይም በሰረዝ ብቻ ይተካሉ። አማርኛ ግን በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። «እኮ»፥ «ወይ»፥ «እነሆ» አሉት። ከሁሉም ይልቅ «ለካ» አለው። «ኬሪ» ሰው አንድን ነገር ድንገት መገንዘቡን ያሳያል ይባላል፤ ያ የእኛ «ለካ» ነው። ከላይ ባለው ግጥም «ለካስ» ቢወጣ የሚቀረው የጨረቃ ወሬ ብቻ ነው፤ ሰው በመብራት ውስጥ ተቀምጦ ሰማዩን መርሳቱ አይታወቅም።

ሌላም የሚያቀራርብ ነገር አግኝተናል። አማርኛም ጃፓንኛም ግሣቸውን በመጨረሻ ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ነገሩ አስቀድሞ ይታያል፥ የሆነው ኋላ ይነገራል። የሚያራርቀው ደግሞ የግሣችን ርዝመት ነው። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን 8 ፊደል፥ 6 ቀለም ስለ ሆነ በአምስቱ መስመር ውስጥ አይገባም። አሉታ፥ ባለቤትና ተሳቢ በአንድ ቃል ሲታሸጉ ቃሉ ብልህ ነው፤ ለጠባብ ቤት ግን ወፍራም ነው።

የተወን ጓደኛችንና የቅኔ ቤት

በ9ኛው ቀን ከአምስታችን አንዱ ተወው። ምክንያቱን ሳናቃልል እንጽፋለን። «ይህ ቍጠራ ነው እንጂ ግጥም አይደለም፤ ደግሞም ሦስት ስንኝ የፈለገ ሰው ዘአምላኪየ እያለለት ከጃፓን ለምን ይበደራል?» አለ። እርሱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ጥቂት ጊዜ በቅኔ ቤት የቈየ ስለ ሆነ ነገሩን ያውቃል። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፥ ዘአምላኪየ 3 ቤት፥ መወድስ 8 ቤት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው በየቀኑ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፤ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ይህ ሥራ ራሱ «ቅኔ መቍጠር» ይባላል። እንግዲህ እኛ ለ30 ቀን ታገልንበት ብለን የምንኰራበት ልምምድ በአገራችን ለብዙ ትውልድ የኖረ የትምህርት ዘዴ መሆኑን ጓደኛችን ቢያስታውሰን አፈርን።

ነገር ግን ልዩነት አለ። ቅኔ በሰምና ወርቅ ይኖራል፤ የላይኛው ትርጓሜ ለታችኛው መሸፈኛ ነው። ሃይኩ፥ በተለይም ሺኪ ከሠዓሊዎች ተምሮ «ከሕይወት መንደፍ» ብሎ ባስተማረው መንገድ፥ ነገሩን ራሱን ያሳያል እንጂ ሌላ አይሸፍንም። ይህ ለእኛ ከቀለም ቍጠራ ይልቅ ከባድ ሆነብን። በ3ኛው ቀን አንዱ ስለ ደረቀ አበባ ሦስት መስመር አነበበ፤ ከዚያ በኋላ አበባው ፍቅሩ፥ ፀሓዩ ፈተናው፥ ዘበኛው አማቱ መሆናቸውን ለማስረዳት 10 ደቂቃ ፈጀ። ሁላችንም እንዲሁ ነበርን። ዕቃ ባየን ቍጥር ወርቁን እንፈልግበት ነበር።

ከ19ኛው ቀን በኋላ

በ19ኛው ቀን ከመካከላችን ለአንዱ ያሳደጉት አያቱ ማረፋቸው ተነገረው። በማግሥቱ ማለዳ ወደ አገሩ ሄደ። እኛም ስለ ልምምዱ አንድ ቃል አላነሣንም፤ ሦስት ሆነን ቀጠልን። በ27ኛው ቀን ተመለሰ። ከእራት በኋላ በተለመደው ቦታ ተቀመጠና ደብተሩን አወጣ። አንድ ቀን አልጐደለም። ከእነዚያ ቀናት ግጥሞች አንዱን በፈቃዱ እናቀርባለን፤

ማሽላው በስሎ፤
ወፎቹን እሽ የሚለው
አንድ ቈርቈሮ ነው።

ማናችንም አልተናገርንም። አያቱ በየዓመቱ በዚያን ጊዜ ከጓሮ ማሽላ ወፍ ይጠብቁ እንደ ነበረ ቀደም ብሎ አጫውቶን ነበር። በግጥሙ ውስጥ አያት የሉም፤ ሞት የለም፤ ልቅሶ የለም። በነፋስ የሚንኳኳ ቈርቈሮ ብቻ አለ። አንዳችን እንደ ልማዳችን «ቈርቈሮው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ቈርቈሮ ነው» ብሎ መለሰ። ሰምና ወርቅ የሌለው ግጥም ምን እንደሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ነገር ከኢሳ ሕይወት የምናውቀውን ብናነሣ ተገቢ ይመስለናል። ኢሳ በ1819 ትንሽ ሴት ልጁ በፈንጣጣ ሞተችበት፤ ያን ዓመት በጻፈው መጽሐፉም ኀዘኑን አስፍሯል። ሃይኩ ስለ አበባና ስለ ወፍ ብቻ የሚዘመር ቀላል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። ሃይኩ ኀዘንን ያልፋል ማለት አይደለም፤ ኀዘኑ ያረፈበትን ዕቃ ያሳያል ማለት ነው። የአገራችን አልቃሽም ብትሆን የሟቹን ጋቢና ምርኵዝ እየጠራች የምታስለቅሰው ይህን ስለምታውቅ ይመስለናል።

መደምደሚያ

ወሩ ሲያልቅ አራታችን እያንዳንዳችን 30፥ አስቀድሞ የተወውም 8 ግጥም ጽፈን ስለ ነበር፥ በጠቅላላው 128 ሆኑ። ከእነዚህ መካከል በሌላ ሰው ፊት ሳናፍር የምናነባቸው ከ20 አይበልጡም። ከሥራው ያገኘነውን በአጭሩ እንዲህ እናስቀምጣለን።

1ኛ. በአማርኛ ሃይኩ ሲጻፍ የሚቈጠረው ፊደል ሳይሆን ቀለም ቢሆን ይሻላል፤ ሰሚው ፊደሉን አያየውምና። ሆኖም 17 የአማርኛ ቀለም ከ17 የጃፓንኛ ድምፅ የበለጠ ነገር የሚይዝ ይመስለናል፤ ስለዚህ ቍጥሩ የመጨረሻ ወሰን ይሁን እንጂ የግድ የሚሞላ ስልቻ አይሁን። ባሾም ራሱ ከ17 ያለፈባቸው ግጥሞች አሉት።

2ኛ. ሳድስ መቼ እንደሚነበብና መቼ እንደሚዋጥ የሚያስረዳ፥ ከየአውራጃው ተናጋሪ ተሰምቶ የተዘጋጀ ጥናት ለአማርኛ ግጥም ትምህርት ያስፈልጋል። እኛ «የጥቅምት» በሚለው በአንድ ቃል እንኳ አልተስማማንም።

3ኛ. የወቅት ቃላት መዝገብ ለደጋው፥ ለወይና ደጋው፥ ለቈላውና ለአርብቶ አደሩ አገር በየፊናው ቢሰበሰብ ለግጥም ብቻ ሳይሆን ለባህል ጥናትም ይጠቅማል። ይህ ተማሪዎች በየዕረፍታቸው ወደየአገራቸው ሲሄዱ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

4ኛ. ቅኔና ሃይኩ የሚጣሉ አይደሉም። አንዱ መሸፈንን፥ ሌላው መግለጥን ያስተምራል። ሁለቱም ግን ተማሪው በየቀኑ እንዲቀመጥ ያስገድዳሉ።

በ30ኛው ማታ የመጨረሻውን አንብበን ስንነሣ፥ በ9ኛው ቀን የተወን ጓደኛችን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የ22 ቀን ሻይ ዕዳ እንዳለበት ስናስታውሰው አንዲት ቍራጭ ወረቀት ሰጠን፤

ቈጠራ ትቼ
ሽቦ ላይ ወፍ ቈጠርኩኝ፤
አምስት፥ ሰባት፥ አምስት።

የወቅት ቃል የለውም፤ የመጨረሻውም መስመር በአንድ ቀለም ይተርፋል። ዕዳው በአንድ ድምፅ ተሰረዘለት።